ሐረጎ ላይ ኩፍ ያለችው ቦኮላ

አክስቴ ከሟች ባላቸው የወረሱት አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ጭራቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከመንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጭራቋ ደግሞ ጓሮው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመች የእንጨት መፍለጫ ማሽን ናት። ሰፈርተኛው «ፈላጯ» ይላታል። ጣሊያን ጥሏት ሄደ ይባላል፤ እኔ ግን ሸሽቷት ነው ባይ ነኝ። እግሯን በሲሚንቶ መሬት ውስጥ የቀበረውም እንዳትከተለው ይመስለኛል።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሞተሩ በቺንጋ፣ ማለትም በወፍራም የጎማ ቀበቶ፣ አንድ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል የብረት መንኮራኩር ያዞራል። መንኮራኩሩ ደግሞ ፔርኖ በሚሉት በአንድ ወፍራም የብረት ዘንግ አማካይነት ክንድ የሚያህል ምላጭ ሽቅብ ያነሳና ቁልቁል ይለቃል። የሰው ድርሻ ጉቶውን ከሥር አስቀምጦ እጁን ቶሎ መሰብሰብ ብቻ ነው። አንዴ ስትመታ ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ ይበረግጋል፤ ሁለቴ ስትመታ ጦሳ ተራራ አንድ ጣት ዝቅ ይላል። ይህን የማያምን ካለ ጦሳን ሄዶ ይለካ።

በዚያ በደርግ ዘመን እንጨትም እንደ ዱቄቱና እንደ ስኳሩ በኮታ ነበር። ለዳቦ ቤቶች የሚደርሳቸው ከደሴ ዙሪያ እየተነቀለ የሚመጣ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ግንዱ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም፤ መጠየቅም የሚመከር አልነበረም። ጉቶ ደግሞ መጥረቢያ አይፈራም። ፈላጯ ከመታመሟ በፊት አክስቴ አንድ ቀን መብራት ቢጠፋባቸው ሁለት ጠብደል እንጨት ፈላጮች አስመጥተው ነበር። የአንደኛው የመጥረቢያ እጀታ ተሰበረ። ሁለተኛው ጉቶውን ዞሮ ዞሮ አየና «እትዬ፣ ይኼ እንጨት አይደለም፤ ቂም ነው» ብሎ ሄደ። ያቺው ጉቶ ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ሰው እያየች ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ፈላጯ የተሰበረችው በረመዳን ነው፤ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እኔ ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ የጭነት መኪና እጠግን ነበር። ጎረቤት መጥቶ ጠራኝና ሄድኩ። ፈታትቼ ሳያት ያልተጎዳ የላትም፤ ምላጩ ተሸርፏል፣ ቺንጋው ተበጥሷል፣ ፔርኖው ተጣሟል። ከሁሉ የከፋው ግን ቦኮላዋ ነበረች። ቦኮላ ማለት ፔርኖው የሚሽከረከርባት የነሐስ ቀለበት ናት፤ በፈላጯ የብረት ሆድ ውስጥ በጠባብ ጉድጓድ ተወሽቃ ትኖራለች። እሷ ደርቃ፣ ነዳ፣ እንደ ቆሎ ተንኮታኩታለች።

«ተኝታለች ወይስ ሞታለች?» አሉ አክስቴ ከኋላዬ ቆመው።

«ነፍሷ ወጥታለች አክስቴ። ግን አይስጉ፣ እኔ አለሁ።»

«ያ ረቢ! እኔስ የፈራሁት እሱን ነው።»

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይወፍር ነበር። አሁን ደግሞ ቆሞም ወፍሮበታል። «እናት፣ የሕዝብ ዱቄት መጋዘንዎ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ዳቦ የለም። ይህ ነገር ከላይ ሲታይ የኢኮኖሚ አሻጥር ይመስላል» አላቸው።

«ጓድ፣ አሻጥረኛዋ ያቻትና፤ እሰሯት» አሉ አክስቴ ወደ ጓሮ እያመለከቱ።

ሊቀ መንበሩ ሳቁን ዋጠው። ፍርዱን ግን አልዋጠውም። እስከ ዒድ ዋዜማ ከምድጃው ዳቦ ካልወጣ የዱቄቱ ኮታ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ይዛወራል አለ። አክስቴ ልጅ አልነበራቸውም። ኮታው ከሄደ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ደግሞ ገጠር ወርዶ ከዘመድ ጓዳ መጠጋት ነው። ይህን ሁሉ እሳቸው አልተናገሩም። ሰውየው እንደወጣ ባዶውን የዳቦ መደርደሪያ በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ወልውለው ሲጨርሱ እንደገና ከጫፉ ጀመሩ። «እኔ እኮ የሰው እጅ ማየት አልተማርኩም» አሉ፤ ለመደርደሪያው ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

ቀልዴን ኪሴ ከትቼ ሥራ ገባሁ። ምላጩን ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ አወጣሁት፤ የሰፈሩ ቀጥቃጭ አግሎ ሳለልኝና ጺም የሚላጭ ሆነ። ፔርኖውን ከተሰበረ የመኪና አክስል ቆረጥን። ቺንጋውን አንድ ጫማ ሰፊ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ፣ ድርብ ሰፍቶ፣ «ይህን የበጠሰ ማሽን እኔን ያግባኝ» ብሎ ሰጠኝ። ቦኮላዋ ግን ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚጠርብ ማሽን፣ ትፈልጋለች፤ ደህና ቶርኖ ደግሞ ያለው ኮምቦልቻ፣ አንድ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ባለ ቶርኖው የደጋን ከተማ ልጅ፣ ጓደኛዬ ነው፤ በልጅነታችን አንድ ጋራዥ አብረን ዘይት ጠጥተናል። ሥራ ያውቃል፤ ማወቁንም ያውቃል። አፉ ከቶርኖው ይበልጥ ይሽከረከራል።

ከሰፈሩ አሮጌ የነሐስ የቧንቧ ራስ ለቅሜ በከረጢት ይዤለት ወረድኩ። የጉድጓዱን ስፋት በክር፣ ጥልቀቱን በዱላ ለክቼ ነበር። በዚያው ልክ አቅልጦ፣ ጠርቦ ሰጠኝ። ይዤ ወጣሁ፤ ፈላጯ ሆድ ውስጥ ስከታት እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተንቀጫቀጨች። ቀጥናለች። ጉድጓዱ አፉ ላይ ሰፊ፣ ውስጡ ጠባብ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ክርና ዱላ ይህን ከየት አውቀውት? ተመልሼ ወረድኩ።

«ካሊብሮህን አውሰኝና ራሴ ለክቼ ልምጣ» አልኩት።

ባለ ቶርኖው ወደ ቶርኖው እግር አመለከተኝ። ውስጥና ውጭ የሚለካበት ካሊብሮ በሰንሰለት ታስሯል። የቀድሞው ካሊብሮ እግር አውጥቶ ስለጠፋ ማኅበሩ ተሰብስቦ ይኼኛው እንዲታሰር ወስኗል። «እሱ ደሴ መውጣት አይችልም፤ ፈላጭህ ኮምቦልቻ መውረድ አትችልም» አለኝ። «ሁለት እስረኛ ማን ያስታርቃል? ሂድና የጉድጓዱን ቅርጽ አንሥተህ አምጣልኝ። በሰም ይሁን በጭቃ፣ ብቻ አምጣ።»

ሰም ፍለጋ ደሴን አሰስኩ፤ ሻማ የለም። ጭቃ ሞከርኩ፤ ስስበው ፈራረሰ። ዒድ ነገ ተነገወዲያ ሲል አክስቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ፣ ዳቦ ቤት ቆመህ ቅርጽ የሚይዝ ነገር አጣሁ ትላለህ?» አሉኝ። ጠጠር ያለ ሊጥ ለወሱ። አሁን ሳስበው እጃቸው በልማድ ወደ እርሾው ማሰሮ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ግን እሳቸውም እኔም ልብ አላልነውም። ጉድጓዱን ኑግ ዘይት ቀብተን ሊጡን ጠቅጥቀን ሞላነው፤ ቀስ ብለን ሳብነው። ወጣ! ሰፊው አፉ፣ ደረጃው፣ ጠባቡ ወገቡ ቁልጭ ብሎ። የደሴ ብርድ ደግሞ እንደ ድንጋይ አድርጎ ያዘው። አክስቴ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሲሰጡኝ አራስ ልጅ ያስረከቡኝ ይመስል ነበር።

«አንገቷን ደግፍ» አሉኝ።

ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የአውቶቡሱ ፍሬን ጋለና ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ፀሐዩ ወጣ፤ ሰው ወርዶ ጥላ ያዘ። እኔ ሊጤን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ሳያት ደመቅ፣ ሞላ ብላለች። የቆላ አየር ሲነካው የማያምርበት ማን አለ ብዬ ሸፈንኳት። እንደገና ስንጓዝ ደግሞ ኬላ ላይ ፍተሻ ጠበቀን። ጠባቂው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«የጠቀለልከው ምንድን ነው?»

«ቦኮላ ነው፣ ጓድ።»

«ፍታው።»

ፈታሁት። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይኼ ሊጥ ነው።»

«መልኩ ሊጥ ነው። ሥራው ቦኮላ ነው።»

«እህል ያለ ፈቃድ ከአውራጃ አውራጃ ማሻገር ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

«እህል አይደለም ጓድ፤ የማሽን ሆድ መለኪያ ነው።»

ጠባቂው ዓይን ዓይኔን እያየ አውራ ጣቱን ሊጡ ላይ ተጫነ፤ እስከ አንጓው ገባ። ሊያስወርደኝ አፉን ሲከፍት ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ተነሡ። «የኔ ጌታ፣ በአላህ ተወው! ከደሴ ጀምሮ ሊጥ አቅፎ እያባበለ ነው የመጣው። ቤተሰቦቹ ወደ ጠበል ይሁን ወደ ሸህ ልከውት ይሆናል። የሰው ልጅ አይናቅ።» ጠባቂው ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አለና «አይዞህ ወንድሜ» ብሎኝ ወረደ። በሕይወቴ እብድ መባል እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ባለ ቶርኖው ጨርቁን ሲፈታ ከንፈሩ በጾም ደርቋል። «ይኼ ቅርጽ ነው ወይስ ማፍጠሪያዬ?»

«ቅርጹ ነው።»

«ጾመኛ ፊት ሊጥ ይዞ መጥቶ ‹ቅርጹ ነው› ይለኛል! አንተ ሰው፣ ገነት መግቢያዬን እየሸረሸርክ ነው።» ዞር ዞር አድርጎ አያት። «ይህች ጎን ላይ ያለች ጉድጓድስ?»

«የኬላው ጓድ አውራ ጣት ናት።»

«እኔ የዘይት መግቢያ ናት ልላት ነው። ቅርጽ እንደመጣ ነው የሚሠራው፤ በጓድ ጣት ላይ ደግሞ አስተያየት አልሰጥም።»

ያችን ቀጭን ቦኮላና የቀሩትን የቧንቧ ራሶች ደርቦ አቀለጠ። በእስረኛው ካሊብሮ፣ ሰንሰለቱ እየተንኳኳ፣ ሊጡን ከላይ እስከ ታች ለካው፤ ጠረበ፣ ሰረሰረ፣ ወለወለ። ወርቅ የመሰለች ቦኮላ፣ ከነዘይት መግቢያዋ፣ እጄ ላይ አኖረልኝ። ሊጧን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ በመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ነገሩ የፈነዳው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የዒድ ዋዜማ። አክስቴ ሌሊቱን ሊጥ አቡክተው ሞልተዋል፤ ምድጃው ቀዝቅዞ አፉን ከፍቷል። ቦኮላዋን ወደ ጉድጓዱ አስጠጋኋት። አትገባም። አዙሬ ሞከርኩ። አትገባም። በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አደረግኳት፤ ነሐሷ ጮኸች እንጂ አልገባችም። ወፍራለች።

ከኋላዬ የአክስቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። «በቃ ልጄ፣ ተወው። የሞከርከው ይበቃል። ሊጡን ለጎረቤት አካፍላለሁ፤ በየቤቱ ይጋግሩት። ለዒድ ዱቄት ማበላሸት ሐራም ነው» አሉ። ድምፃቸው ያለወትሮው ለስላሳ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል የጓሮው በር በእርግጫ ተከፈተ። ባለ ቶርኖው ነው። ከአንድ የጭነት መኪና ወርዶ ሽቅብ ሮጦ፣ ምላሱ ወጥቷል። አንገቱ ላይ ካሊብሮው ተንጠልጥሏል፤ ከካሊብሮው ደግሞ የተቆረጠ ሰንሰለት እስከ ጉልበቱ ድረስ ይንቀጫቀጫል። ከወህኒ ሰብሮ የወጣ ሽፍታ እንጂ የእጅ ባለሙያ አይመስልም።

«አስገብተሃታል?» አለኝ።

«እምቢ አለች።»

«አልሐምዱሊላህ! ቀጥቅጠህ ሰንጥቀሃት ይሆናል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!» ወደ አክስቴ ዞረና ሰላምታውን ሳይጨርስ «እትዬ፣ አፉ በሉኝና፣ ሊጧ ላይ እርሾ አድርገውበታል?» አላቸው።

«ታዲያ ያለ እርሾ ሊጥ ይቦካል?»

«ማን ቡካ አለው፣ እትዬ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ማታ ላፈጥር ስወጣ ጠረጴዛው ላይ ትቻት ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ወላሂ ቶርኖው ላይ ወጥታ ልትሠራ ነው! ያኔ ገባኝ። የለካሁት ጉድጓዱን አይደለም፤ እርሾውን ነው።»

አክስቴ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከአመድ እስከ እርሾ የሚያውቅ እጅ። «እርሾ የሌለበት ሊጥ ይኼ እጅ አያውቅማ» አሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስደነግጥ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ሰንሰለቱን ማን ፈታልህ?» አልኩት።

«ቁልፉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋ ነው። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባ ደግሞ አያልቅም። በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ስብሰባው ሳያልቅ እመልሰዋለሁ፤ ጊዜ ሞልቶናል።» ከዚያ ቦኮላዋን ከእጄ ነጠቀ። «አሁን ፊታችሁን አታጥቁሩ። ቀጭን ብትሆን ነበር ለቅሶው፤ የቀጠነ አይቀጠልም። የወፈረች ግን ትከሳለች። ሊማ ያለው ሊማ ያምጣ!»

እንዲህ ነው ሰፈሩ የወጣው። እንግዲህ ነሐስን በእጅ፣ ዙሪያዋን እኩል፣ ደረጃዋን ሳይነኩ ማክሳት ክንድ ያዝላል። አንዱ ሲደክመው ሊማውን ለሌላው ያቀብላል። ከማዶ የሚኖሩት ቄስ መቋሚያቸውን አስደግፈው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጾም ያደከማቸው ሸህ ጎረቤታችን ደግሞ «እኔ ጉልበት የለኝም፤ እሳቸው ሲፍቁ እኔ ዱዓ ላድርግ» ብለው ጥላው ሥር ተቀመጡ።

«ሸሁ፣ ዱዓው ከሊማው ይፈጥናል ወይ?» አሉ ቄሱ እያላባቸው።

«የእርስዎ አፋፋቅ ከሆነማ እንኳን ዱዓዬ፣ ዒድም ይቀድማል።»

ባለ ቶርኖው በየመሃሉ ካሊብሮውን እያስጠጋ «ገና!» ይላል። እንፍቃለን። «ገና!» እንፍቃለን። ከዚያ አንዴ አስጠግቶ ሊማውን ከቄሱ እጅ ነጠቀ። «በቃ! ማንም አይንካት! የነካት ጠላቴ ነው!»

ጉድጓዱ አፍ ላይ አኖራት። በመዳፉ ገፋ አደረጋት። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ በዕድሜዬ ሁሉ ከሰማሁት ዜማ የማስበልጠው፣ ነሐስ ከብረት ጋር ሲገጥም የሚያሰማው ‹ጥብ› የሚል ድምፅ። በኬላው ጓድ ጣት በኩል ዘይት አንቆረቆርን። ይህኔ ነው ባለ ቶርኖው «የድሮዋ የዘይት መግቢያ አልነበራትም ማለት ነው? ነዳ የሞተችው ለዚህ ነዋ!» ያለው። ፔርኖውን፣ ምላጩን፣ ቺንጋውን ገጠምን።

«የመጀመሪያውን ጉቶ እኔ ነኝ የምመርጠው» አሉ አክስቴ። ከአጥሩ ሥር ያቺን ቂመኛ ጉቶ አስጎትተው አመጡ። ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ ሁላችንም አሚን አልን፤ ቄሱ አማተቡ። ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ማብሪያውን ጫንኩ።

ሞተሩ አጉረመረመ። መንኮራኩሩ እንደ ሰነፍ ሰው አንዴ ዞረ፤ ሁለቴ ዞረ፤ ከዚያ ተያያዘው። ምላጩ ሽቅብ ወጣ። የወረደበትን ግን ማንም አላየም። ጉቶዋ ግራና ቀኝ ተኝታ፣ ውስጧ ነጭ ሆኖ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ጓሮውን ሞላው። ጢስ የለም፣ መንቀጫቀጭ የለም፤ ቦኮላዋ ላይ እጄን ባሳርፍ ለብ ያለች ብቻ ናት። ያ ሁሉ ቀን ትከሻዬ ላይ የተቀመጠው ጦሳ ተራራ ተነሥቶ ወደ ቦታው ሄደ።

አክስቴ የተሰነጠቀውን እንጨት በክንዳቸው አቅፈው ወደ ምድጃው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ከጭስ ማውጫው ጭስ ተነሣ። ሰፈሩ ጭሱን ሲያይ እልል አለ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም በመስኮቱ እንደሚያየው ሁላችን እናውቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ ዳቦው መውጣት ጀመረ። ሰልፉ ከመደርደሪያው ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ፣ ለእኔ እንደታየኝ ሸዋ ጠረፍ ደርሷል። እኔ እሸጣለሁ፤ ባለ ቶርኖው ጓሮ ሆኖ ጉቶ ያበላታል፤ እመልሰዋለሁ ያለው ካሊብሮ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። አክስቴ የመጀመሪያውን ዙር ዳቦ ካስረከቡ በኋላ አረፍ ልበል ብለው ከመደርደሪያው ጥግ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከንፈራቸው ገርበብ ብሎ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ። ፈላጯ ከተሰበረችበት ቀን ጀምሮ ዓይናቸው እንዳልተከደነ ያኔ ነው የገባኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰልፉን ጥሶ ገባ። ደረቱን ነፋ፤ «እናት!» ብሎ በወፍራሙ ድምፁ ሊጀምር ሲል ሰልፈኛው በአንድ አፍ «እሽሽሽ!» አለበት። ሰውየው ደነገጠ። ቆቡን አወለቀ። በእግሩ ጣት ቆሞ ወደ እኔ ጠጋ አለና በጆሮዬ፣ «ሲነቁ ንገራቸው፤ ኮታው ባለበት ይቀጥላል» አለኝ። ትንሽ አሰበና ይበልጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእኔም ትኩሱን ስጠኝ» አለ።

ከጓሮ ፈላጯ ቧንቧ ውሃን እያንቀጠቀጠች ጉቶ ትሰነጥቃለች፤ ቆርቆሮው ይዘላል፣ መስታወቱ ይንጫጫል። እኛ ግን፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ፣ ሊቀ መንበሩም ጭምር፣ አክስቴ እንዳይነቁብን ብለን በሹክሹክታ ዳቦ እንገበያያለን።